ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፤ ቃላትን በየነገራቸው ስለ መመደብ

መዝገበ ቃላት ሲባል ወዲያው የሚታሰበን በፊደል ተራ የተሰለፈ መጽሐፍ ነው። ነገር ግን ቃልን በፊደሉ ሳይሆን በነገሩ የሚመድብ፥ አውሬን ከአውሬ፥ ዕፅን ከዕፅ ጋር የሚያኖር መዝገብም አለ። በአገራችን የግዕዝ ተማሪ «ሰዋስው» ከሚላቸው የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ የግሥ እርባታን ከእንዲህ ያለው የቃላት ምድብ ጋር አጣምረው የያዙ ናቸው።

ሰዋስው ማለት መሰላል ነው። የግብፅ ክርስቲያኖችም ቋንቋቸው በዐረብኛ እየተዋጠ በሄደ ጊዜ ያዘጋጁትን የቅብጥና የዐረብኛ መዝገብ «ሱለም» ብለውታል፤ ይኸውም በዐረብኛ መሰላል ማለት ነው። የስሙ መገጣጠም እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይመስለንም። ከእነዚህ መዛግብት ታላቁ በ1324 (ዘመኑን በአውሮፓ አቈጣጠር እንሰጣለን) የሞተው የአቡል በረካት ኢብን ከበር ሥራ ሲሆን፥ በዐሥር ክፍል የተከፈለ ነው። የተዘጋጀው የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን ለሚያነብ ሰው ስለ ሆነ ምርጫው ይህንኑ ይከተላል። መጽሐፉን አትናቴዎስ ኪርኸር በ1643 ሮም ላይ ከላቲን ትርጕም ጋር አሳተመው፤ የቅብጥ ቋንቋ ትምህርትም በአውሮፓ ከዚያ ወዲህ ሥር ሰደደ። ሻምፖሊዮን በ1822 የጥንት ግብፅን ጽሕፈት ሲፈታ የረዳው ይኸው ቋንቋ ነበር።

ወደ ግዕዝ እንመለስ። ሉዶልፍ በ1661፥ ዲልማንም በ1865 መዝገበ ቃላታቸውን ሲያወጡ የአውሮፓን ሥርዐት ተከተሉ። በተለይ ዲልማን ቃሉን ከሥሩ አንሥቶ፥ በየትኛው መጽሐፍ እንደ ተነገረ ጥቅሱን እያመጣ ያስረዳል። በሰዋስው ብቻ የተገኘውን ቃል ግን ምንጩን ለይቶ ያመለክታል። ጥንቃቄው ተገቢ ነው፤ ዝርዝርን የሚገለብጥ ጸሓፊ ሊስት ይችላልና። ሆኖም አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው የሰዋስውን ቃል ሁሉ እንደ ተጠራጣሪ ምስክር ማየታቸውን አንቀበልም። የቅጠልና የድንጋይ ስም በገድልም ሆነ በታሪክ መጽሐፍ ዘወትር አይነሣም፤ ስለዚህ ጥቅስ ማጣቱ ቃሉ አልነበረም አያሰኝም።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ ተቀብለው የደከሙበት፥ በ1948 ዓ.ም. የታተመው መዝገበ ቃላት ሰዋስውንና ግሥን በአንድ ጥራዝ አስማምቷል። ፊደሉ በአበገደ ተራ ስለ ሆነ ሀለሐመን ብቻ የለመደ አንባቢ መጀመሪያ ይቸገራል።

የሰዋስው ሌላው ጥቅም ፍቺው ነው። የግዕዙ ቃል የሚተረጐመው በአማርኛ በመሆኑ፥ ዛሬ ከአፍ የጠፋ የጥንት አማርኛ በእነዚህ ብራናዎች ውስጥ ይገኛል። ይህን ክፍል ከግዕዙ ለይቶ፥ በየዘመኑ ደርድሮ ማጥናት ለአማርኛ ታሪክ ተመራማሪ የሚገባ ሥራ ነው።