የትንንሽ ኮምፒዩተሮች ሙቀትና የማቀዝቀዣቸው ታሪክ

ማናቸውም መሣሪያ ሥራ ሲበዛበት ይሞቃል። የወፍጮ ድንጋይ ሲፈጭ፤ የአውቶሞቢል ሞተርም ዳገት ሲወጣ ይግላል። ኮምፒዩተር ምንም እንኳ የሚሽከረከር አካል ባይታይበት ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ የሚገባበት የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣልና። ስለዚህ የኮምፒዩተር ታሪክ የፍጥነት ታሪክ ብቻ ሳይሆን፤ ሙቀትን የማስወጣትም ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1946 ዓ.ም. በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የተባለው ኮምፒዩተር አምፑል የሚመስሉ 18,000 ያህል የመስታወት ቱቦዎች ነበሩት። 150 ኪሎዋት ያህል ኃይል ይፈጅ ስለ ነበር፤ እንዳይቃጠል በትልልቅ ማራገቢያዎች ነፋስ ይነፍስበት ነበር።

ከ39 ዓመት በኋላ፤ ማለት በ1985 ዓ.ም.፤ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር አርም የተባለውን ፕሮሰሰር ነደፉ። ሙቀት የሚችለው የሸክላ ማሸጊያ ውድ በመሆኑ፤ ሥራቸው በርካሽ ፕላስቲክ እንዲታሸግ ፈለጉ፤ ለዚህም ኃይል ቆጣቢ ማድረግ ግድ ሆነባቸው። በመጀመሪያው ሙከራ የኃይል መስመሩ ሳይያያዝ፤ ከሌሎቹ ሽቦዎች በሚያገኘው ጥቂት ኤሌክትሪክ ብቻ ሲሠራ ተገኘ።

በዚያችው ከተማ የተወለደው ራስፕቤሪ ፓይ በ2012 ዓ.ም. ለገበያ ሲቀርብ ይህንኑ የአርም ዘር ይዞ ነበር። መላው ኮምፒዩተር በአንዲት የእጅ መዳፍ በምታህል ሰሌዳ ላይ የተሠራ ሲሆን፤ ዋጋው 35 ዶላር፤ ዓላማውም ወጣቶች የኮምፒዩተርን ሥራ እንዲማሩበት ነበር። ልቡ በሴኮንድ 700 ሚሊዮን ጊዜ ይመታ ነበር፤ ማራገቢያም አላስፈለገውም።

ነገር ግን ፍጥነት ሲጨመር ሙቀትም አብሮ ጨመረ። በ2019 ዓ.ም. የወጣው አራተኛው ዓይነት በሴኮንድ 1,500 ሚሊዮን ጊዜ ይመታ ነበር፤ ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስም ራሱን ከጉዳት ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በ2023 ዓ.ም. የወጣው አምስተኛው 2,400 ሚሊዮን ደረሰ፤ በሰሌዳውም ላይ የማራገቢያ መሰኪያ ተሠራለት።

ማራገቢያ ጠቃሚ ቢሆንም ዋጋ ይጨምራል፤ ይጮኻል፤ አቧራም ይሰበስባል። በርካሽ ሊማር ለሚሻ ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ሌላ መንገድ አለ። በ2020 ዓ.ም. ከፊደል መምቻው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራው ራስፕቤሪ ፓይ 400 የአራተኛውን ዓይነት ፕሮሰሰር ይዞ፤ በውስጡ በተነጠፈለት ሰፊ የብረት ሳህን ሙቀቱን እየበተነ፤ ያለ ማራገቢያ በሴኮንድ 1,800 ሚሊዮን ጊዜ ለመምታት ቻለ።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው፤ ሙቀትን ከማባረር አስቀድሞ እንዳይበዛ ማሰብ፤ የመጣውንም በዝምታ መበተን ትልቅ ብልሃት መሆኑን ነው። የ1985ቱ መሐንዲሶች ይህን ያገኙት ከሀብት ብዛት ሳይሆን ከቁጠባ ነበር። ለነገ መሐንዲሶች ለምንሆን ተማሪዎች ይህ መልካም ትምህርት ነው።