በአርባ ዓመት ደብተር

የማኅበራችንን አሥረኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ስለ ማኅበሩ አመሠራረት፣ ስለ መሪዎቹና ስለ ሥራ ክንውኑ ሌሎች ጽሑፎች ስላሉ እኛ እዚያ ውስጥ አንገባም። እኛ የምንጽፈው ማኅበሩ ከመመሥረቱ ከብዙ ዓመት በፊት፣ አብዛኞቻችን ገና በየፓርኪንጉና በየታክሲው ሳለን፣ ሠላሳ አምስቱንና አርባውን ካለፍን በኋላ ደብተር ገዝተን ወደ ክፍል ስለተመለስንበት ዘመን ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው የምንኖር ኢትዮጵያውያን ታሪክ ሲወራ ምግብ ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑና የእግር ኳሱ ውድድር አይረሱም። ያ የማታ ትምህርት ግን እስካሁን ጸሐፊ አላገኘም። የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ጎልማሳ ተማሪ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ቀን ሥራ ውሎ ማታ «ብርሃንህ ዛሬ ነው» ትምህርት ቤት የሚገባውን ሠራተኛ እናስታውሳለን። በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም አያትን ከልጅ ልጅ ጋር በአንድ ዳስ አስቀምጦ ፊደል አስቆጥሯል። ይሁን እንጂ አገር ቤት ማታ የሚማረው ሰው ሳይማር የቀረውን ለመማር ነበር የሚሄደው። የእኛ ጉዳይ ለየት የሚለው ከመካከላችን ብዙዎቹ ቀድሞውኑ የተማሩ መሆናቸው ነው። በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በሩን ከከፈተ በኋላ በሱዳንና በሌሎች አገሮች በኩል የመጣው ወገናችን፣ ቀጥሎም በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት በዲቪ ዕጣ የገባው፣ በውስጡ መምህር፣ የእርሻ ባለሙያ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ሞስኮና ሃቫና የተማረ መሐንዲስ ነበረበት። ያ ሁሉ ሰው ዲፕሎማውን በፖስታ አሽጎ ሻንጣ ሥር ከከተተ በኋላ የሰው መኪና ቁልፍ መቀበልና ቲኬት መቁረጥ ጀመረ።

ታዲያ ለምን ኮምፒዩተር? ለምን ወደ ቀድሞ ሙያችን አልተመለስንም? ይህን ጥያቄ ልጆቻችን ዛሬም ይጠይቁናል። መልሱ ቀላል ነው። መምህር ለመሆን፣ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ለመሆን ያለፈው ትምህርት ተመርምሮ፣ ተመዝኖ፣ የጎደለው ተሞልቶ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የየክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። በኮምፒዩተር በኩል ግን በ1990ዎቹ አንድ አዲስ ነገር መጣ። ማይክሮሶፍት ከ1992 ጀምሮ፣ ኮምፕቲያ በ1993 «ኤ ፕላስ» በሚለው ስም፣ ሲስኮ ደግሞ በ1998 «ሲ ሲ ኤን ኤ» ብሎ፣ ፈተና አልፎ የሚወሰድ የሙያ ማረጋገጫ ማውጣት ያዙ። ፈታኙ ማሽን ነው። የት ተማርክ፣ ስንት ዓመትህ ነው፣ እንግሊዝኛውን ለምን እንዲህ ትለዋለህ ብሎ አይጠይቅም። ለእኛ ዓይነት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

የምንኖርበት አካባቢም ረድቶናል። ሰሜን ቨርጂኒያ በዚያን ጊዜ የኢንተርኔት መናኸሪያ ሆኖ ነበር። ኤ ኦ ኤል ደለስ አጠገብ፣ ዩዩኔት ፌርፋክስ ውስጥ ነበሩ። ከሁሉ የሚገርመን ግን ሌላ ነው። የተለያዩ ኩባንያዎች ኔትዎርካቸውን የሚያገናኙበት «ሜይ ኢስት» የተባለው ማዕከል፣ በዘመኑ ከኢንተርኔቱ ልውውጥ እጅግ ብዙው ያልፍበት የነበረው፣ ታይሰንስ ኮርነር በሚገኝ የአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ በግድግዳ በተከለለ ክፍል ይገኝ ነበር። እኛ በየፓርኪንጉ ቁጭ ብለን «ኢንተርኔት የሚባለው ነገር የት ነው ያለው?» ስንባባል እርሱም ለካ እንደኛው ፓርኪንግ ነበር የሚያድረው!

መንገዱ ሁለት ነበር። አንደኛው ኮሚኒቲ ኮሌጅ ነው። ሜሪላንድ ያሉት ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ቨርጂኒያ ያሉት በአጭሩ «ኖቫ» ወደምንለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሄዱ። ክፍያው አነስተኛ ነው። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው፣ ግሪን ካርድ ወይም የስደተኛ ወረቀት ካለው፣ ፔል ግራንት የተባለውን የመንግሥት ድጎማ ሊያገኝ ይችላል። ግን ጊዜ ይፈጃል። እንግሊዝኛ፣ አልጀብራ፣ ታሪክ ሳይቀር ይማሩታል፤ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው የሁለቱን ዓመት ትምህርት በአምስት ዓመት ቢጨርስ ጎበዝ ነው። ሁለተኛው መንገድ በጥቂት ወር «ኤም ሲ ኤስ ኢ» አደርጋችኋለሁ የሚለው የግል ማሠልጠኛ ነበር። ክፍያው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ሲሆን ፈተናው ለብቻው ይከፈላል። በዊንዶውስ ኤን ቲ 4.0 ዘመን ስድስት ፈተና ማለፍ ግድ ነበር፤ አንዱ ፈተና 100 ዶላር። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ1997 ጀምሮ 5 ዶላር ከ15 ሳንቲም ስለነበር ለአንድ ፈተና ወደ ሃያ ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት መክፈል ማለት ነው፤ ያውም ግብር ሳይቆረጥ፣ ያውም ባይወድቁ። ዕቁባችን ውስጥ «ለፈተና ነው፣ ቅድሚያ ይሰጠኝ» የሚል ሰው የበዛው ያን ጊዜ ነው።

አጠናናችንን ብንተርከው ልጆቻችን ተረት ይመስላቸዋል። አንድ ወንድማችን፣ አገር ቤት የእርሻ ባለሙያ የነበረ፣ በአርባ ሦስት ዓመቱ ነው የጀመረው። ፓርኪንግ ቤቱ ውስጥ መጽሐፍ መያዝ ክልክል ነበር። እርሱም ያን ጡብ የሚያህል መጽሐፍ በምዕራፍ በምዕራፍ ገነጠለውና በየቀኑ አንድ ምዕራፍ ኮት ኪሱ ከትቶ ይሄድ ጀመር። አለቃው ሲመጣ ኪስ ውስጥ፣ ሲሄድ ቲኬት መቁረጫው ላይ! ሌላው ወንድማችን የሒሳብ መምህር ነበር። ከሁላችንም የከበደን የአይ ፒ አድራሻ አከፋፈል ሲሆን፣ ሃያ ዓመት ሒሳብ ያልነካ ሰው በሁለት ቁጥር ብቻ ቁጠር ሲባል ይደነግጣል። መምህሩ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ እየሰበሰበን ስምንት የቡና ሲኒ በመስመር ይደረድር ነበር። ከግራ የመጀመሪያው 128፣ ቀጥሎ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ የመጨረሻው 1። የተደፋ ሲኒ ባዶ ነው፤ የቀና ሲኒ ይቆጠራል። ከግራ ሁለቱን ብቻ አቅንቶ «ስንት ሆነ?» ሲለን 192 እንላለን። ሚስቱ «ሲኒዬን ከመማሪያነት መቼ ትመልሱልኛላችሁ?» ስትል እንስቅ ነበር። ከዚያች ሳሎን የተነሡ ሰዎች ዛሬ የትልልቅ መሥሪያ ቤቶችን ኔትዎርክ ያስተዳድራሉ።

ያ ሳቅ ግን ብዙም አልቆየም። ኩባንያዎች ለ2000 ዓመተ ምሕረት የቀን አቆጣጠር ችግር ሲዘጋጁ ሰው እንደ ጉድ ይፈለግ ነበርና ፈተና ያለፈ ሁሉ የሚቀጠር መሰለን። ማርች 10 ቀን 2000 ናዝዳክ የተባለው የአክሲዮን ገበያ ጣሪያ ነካና ከዚያ በኋላ ቁልቁል ወረደ። በጁላይ 2002 የዩዩኔት ባለቤት የነበረው ወርልድኮም ኪሳራ ሲያውጅ እስከዚያ ዕለት ድረስ በአሜሪካ ታሪክ ከታዩት የኩባንያ ኪሳራዎች ሁሉ ትልቁ ነበር። ልምድ ያለው አሜሪካዊ ከሥራ ተባርሮ እኛ የምናመለክትበት በር ላይ ተሰለፈ። ፈተና አልፈው ሥራ ያልነኩትን ሰዎች ቀጣሪዎች «የወረቀት ኤም ሲ ኤስ ኢ» ይሉ ጀመር። ስድቡ ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ ከእኛም መካከል የፈተናውን ጥያቄና መልስ ከጓደኛ ተቀብሎ ሸምድዶ ያለፈ ነበረ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ሰርቨሩ ፊት ሲቀመጥ ግን እጁ ተሳሰረ። አንድ ማሠልጠኛም፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ የብዙዎቻችንን ክፍያ ከተቀበለ በኋላ አንድ ሰኞ ማታ ስንሄድ በሩ ተቆልፎ አገኘነው። ገንዘቡ አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ወደ ታክሲው የተመለሱና ነገሩ ሲነሣ ዛሬም ወሬ የሚለውጡ ወንድሞች አሉን።

ማን ተረፈ ብትሉን፣ ባመዛኙ የኮሌጁን ረጅም መንገድ የመረጡት ናቸው። ፈጣኑን መንገድ ሄደው የተሳካላቸውም አሉ፤ እነርሱ ግን የመጡት ገበያው ሳይወድቅ ነው። ከ2001 በኋላ በዚህ አካባቢ ሥራው ወደ መንግሥትና ወደ መከላከያ ስላዘነበለ ዜግነትና የምስጢር ሥራ ፈቃድ ይጠየቅ ጀመር፤ ዜግነት መውሰድን «አገር መክዳት ነው» ሲሉ የነበሩ ወንድሞች ያን ጊዜ ብዙ ሌሊት ሳይተኙ አሳለፉ። በ2004 የመከላከያ ሚኒስቴሩ የኮምፒዩተር ደኅንነት ሠራተኛ የሙያ ማረጋገጫ ይኑረው የሚል መመሪያ አወጣ። ኮምፕቲያም ከ2011 ጀምሮ የሚሰጠው ወረቀት በሦስት ዓመት ጊዜው እንዲያልፍ አደረገ። ዕድሜ ልክ ያገለግላል ብለን ግድግዳ ላይ የሰቀልነው ወረቀት እንደ ወተት ቀን ተጻፈበት። ያ በግንጥል መጽሐፍ ያጠናው ወንድማችን በስድሳ ሁለት ዓመቱ ፈተና ላይ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የዘለልነው ነገር አለ፤ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅም የተከራከርንበት እርሱ ነው። «እኛ ተማርን» ስንል በአብዛኛው ወንዶቹ ማለታችን ነው። ባል ማታ ክፍል ሲገባ ሚስት በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ሺፍት ትሠራ ነበር። ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርስ እርሷ፣ የቤት ኪራይ የምትሸፍን እርሷ ነበረች። በየቤቱ «አንተ ጨርስ፣ ከዚያ እኔ እቀጥላለሁ» የሚል ስምምነት ነበር። ስምምነቱ የተፈጸመበት ቤት አለ። ያልተፈጸመበት ይበልጣል፤ ባልየው ሥራ ሲይዝ ቤት ተገዛ፣ ቤት ሲገዛ ዕዳ መጣ፣ የእርሷ ተራ ሳይደርስ ቀረ። ራሷ የሞከረች እኅታችንም ኤ ፕላሱን በመጀመሪያው ሙከራ አልፋ ከተቀጠረች በኋላ «በስልክ አነጋገርሽ ለደንበኛ አይመችም» ተብላ ተሰናበተች። ከዓመት በኋላ ስልክ የማይነሣበት የሰርቨር ክፍል ውስጥ ሥራ አገኘች፤ ጡረታ የወጣችው ከዚያው ነው።

ማኅበራችን ሲመሠረት የቅዳሜው ክፍል ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ የሆነው እንግዲህ ከዚህ የተነሣ ነው። ኡበር በ2011 ዋሽንግተን ከገባ ወዲህ የታክሲው ገቢ ስለወረደ ሌላ የጎልማሳ ተማሪ ትውልድ መጥቶ ነበር። የቅዳሜው ክፍል ክፍያ አይጠይቅም። ጥያቄና መልስ ማሸምደድ ክልክል ነው፤ አሮጌ ኮምፒዩተር ፈትቶ ያልገጠመ ሰው ለፈተና አይመዘገብም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ጥያቄው ተለውጧል። አሽበርን አካባቢ የተሠሩት ግዙፍ የዳታ ማዕከሎች ከኮምፒዩተር ባለሙያ እኩል የኤሌክትሪክና የማቀዝቀዣ ሠራተኛ ስለሚፈልጉ፣ ቅዳሜ የሚመጣው ሰው ስለ ሽቦና ስለ ኮምፕሬሰር ይጠይቀናል። ይህን የሚያስተምር ሰው ከመካከላችን አንድ ብቻ አለን።

ባለፈው መስከረም ከተመዘገቡት ተማሪዎች አንዷ የዚያ የሒሳብ መምህር ባለቤት ናቸው። ዕድሜያቸው ሃምሳ ስምንት ነው። ሲኒዎቹን በካርቶን ይዘው መጡና «አሁን የእኔ ተራ ነው» ብለው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። በሥራ ቀናት ማታ ደግሞ ኮሌጅ ይገባሉ፤ በእነዚያ ምሽቶች የልጅ ልጆቻቸውን የሚጠብቁት መምህሩ ናቸው።