የሐይቅ ጠባቂ በጎ ፈቃደኞችን ማሠልጠን፦ ከሐረማያ ሐይቅ ምን እንማራለን?

በምሥራቅ ሐረርጌ፣ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ አጠገብ የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ ለረጅም ዓመታት የሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ምንጭ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ግን ደረቀ። የሐረር ሕዝብ በከባድ የውሃ ችግር ውስጥ ካለፈ በኋላ ድሬዳዋ አቅራቢያ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በረጅም ቧንቧ ውሃ ተሳበለት። ከብዙ ዓመታት በኋላ አልሐምዱሊላህ ውሃው ተመልሷል። ዛሬ የሚነሳው ጥያቄ ይህ ሐይቅ ዳግም እንዳይደርቅ ማን ይጠብቀው የሚለው ነው።

ለምን ደረቀ?

ሐይቁን ያደረቀው አንድ ሰው ወይም አንድ ተቋም አይደለም። ከተማው ለመጠጥ ሳበ፤ ገበሬው ለጫትና ለአትክልት በሞተር ሳበ። ከተራቆተው ኮረብታ ዝናብ አፈር እየጠረገ ሐይቁን በደለል ሞላው። ጥልቀቱ የቀነሰ ውሃ ደግሞ በፀሐይ ቶሎ ይተናል። እያንዳንዱ የወሰደው ለራሱ ጥቂት ነበር፤ ድምሩ ግን ሐይቁ ከሚችለው በላይ ሆነ። ስለዚህ ጥበቃው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ብቻ የሚጠበቅ አይደለም፤ ሞተር ያለው ሰው የሚሰማው የሰፈር ሰው ያስፈልጋል።

ማን ይመረጥ?

በጎ ፈቃደኛ ሲመረጥ የትምህርት ደረጃው ከሁሉ አይቀድምም። መጀመሪያ የሚታየው የአካባቢው ሰው አምኖ የሚታረቅበት መሆኑ ነው። በሐረርጌ እንዲህ ያለው ሰው የመስጂድ ኢማም፣ የአገር ሽማግሌ ወይም የአፎሻ መሪ ሊሆን ይችላል። ውሃ ቀድተው የሚያመጡ ሴቶችና በሞተር የሚያጠጡ ወጣት ገበሬዎችም ሊካተቱ ይገባል። በኮረብታው ላይ የሚያርሱትም መቅረት የለባቸውም፤ ሐይቁን የሚሞላው ደለል የሚነሳው ከእነርሱ ማሳ ነውና።

ምን ይሠልጥኑ?

አንደኛ፣ ሐይቁን መለካት። በውሃው ዳር በሜትርና በሳንቲሜትር የተሰመረ ዘንግ ተተክሎ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ከፍታው ይመዘገባል። የውሃውን ጥራት ለማየት ደግሞ ሴኪ ዲስክ የሚባል ጥቁርና ነጭ ቀለም የተቀባ፣ 20 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ሰሌዳ አለ። በገመድ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይጻፋል። ጥልቀቱ እያነሰ ከሄደ ውሃው በደለል ወይም በአልጌ እየደፈረሰ ነው ማለት ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ተራ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ሐይቆቻቸውን በዚሁ መሣሪያ በፈቃደኝነት እየለኩ ይገኛሉ።

ሁለተኛ፣ ተፋሰሱን ማወቅ። ሐይቅ የሚጠበቀው ከዳርቻው ብቻ ሳይሆን ከተራራው ጭምር ነው። እርከን መሥራት፣ ቦረቦርን ማዳን፣ በሐይቁ ዙሪያ የማይታረስ የሣርና የዛፍ ቀበቶ መተውና ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ወደ ውሃው እንዳይገባ መጠንቀቅ በሥልጠናው በተግባር መታየት አለባቸው።

ሦስተኛ፣ ውሃን በስምምነት መጋራት። በደረቅ ወራት ማን በየትኛው ቀን፣ ለስንት ሰዓት እንደሚስብ ተራ ይወጣል። ከፍታው ከዚህ ምልክት በታች ሲወርድ የመስኖ ሞተር ሁሉ ይቆማል የሚል ወሰንም አስቀድሞ፣ ውሃ በሞላበት ጊዜ ይስማሙበት። ውሃው ካለቀ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ጠብ ነው የሚያመጣው።

ሕጉና ሸሪዓው ምን ይላሉ?

የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ ነው ይላል።

በኢስላምም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊሞች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪ መሆናቸውን አስተምረዋል፤ በቆመ ውሃ ውስጥ መሽናትንም ከልክለዋል። የፊቅህ ሊቃውንት የውሃ ጉድጓድ ዙሪያውን የሚጠብቅለት ሐሪም የተባለ ክልል እንዳለው በሰፊው ጽፈዋል፤ በስፋቱ ላይ ቢለያዩም። ለሐይቅ ዳርቻ ቀበቶ መተው የውጭ ሰው ያመጣው እንግዳ ሐሳብ እንዳልሆነ ኢማሞች በጁሙዓ ኹጥባ ለጀማዓው ሊያስረዱት ይችላሉ።

ከሥልጠናው በኋላ

አስተምሬ እንዳየሁት የአንድ ቀን ትምህርት ካልተደገመ ይረሳል። ሠልጣኞች በየወሩ ተገናኝተው መዝገባቸውን ያስተያዩ፤ ልኬቱንም ከጁሙዓ ሶላት በኋላና በገበያ ቀን ለሕዝብ ይንገሩ። በመስኖና በአፈር የሚመራመሩ ባለሙያዎች ያሉት የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ጎረቤት ስለሆነ ምክር ለመጠየቅ ሩቅ አይኬድም። ሥራው በፈቃደኝነት ቢሆንም የትራንስፖርትና የመሣሪያ ወጪ በፈቃደኛው ኪስ ላይ መውደቅ የለበትም። ወሰኑን የሚጥስ ሲገኝም ፈቃደኛው ብቻውን እንዳይጋፈጥ ሽማግሌዎችና ቀበሌው ከጎኑ መቆማቸው አስቀድሞ ይታወቅ።

የሐረማያ ሐይቅ አንድ ጊዜ ሄዶ ተመልሷል። ዛሬም ገበሬው ያጠጣል፤ ከተሞችም እያደጉ ነው። ውሃው ስለተመለሰ አላህን ማመስገን ተገቢ ነው፤ ለኒዕማ ሹክር ማድረግ ደግሞ ኒዕማውን መጠበቅንም ይጨምራል።

ወሏሁ አዕለም።