ያልበደለ ጥርስ

የምሥራቅ ጎጃም ታሪክ በተነሣ ቁጥር ቢቸናና ሞጣ የሚታወሱት ከሁሉ አስቀድሞ በተጋድሏቸው ነው። በላይ ዘለቀ የፋሺስት ኢጣልያን ጦር የተፋለመው በዚያ ምድር ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ሲነሣም ከዐመፁ ማዕከሎች መካከል ሞጣና ቢቸና ይገኙ ነበር። ይሁን እንጂ የሕዝብ ታሪክ የጦር ሜዳ ታሪክ ብቻ አይደለም። ያ ገበሬ ጉንጩን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ከምድጃ ዳር ተቀምጦ ሌሊቱን የሚያነጋበት ሕመምም የራሱ ታሪክ አለው። ለጥርስ ሕመም ዜና መዋዕል የጻፈለት የለም። ሆኖም ሰፊው ሕዝብ ስለ ሕመሙ ምክንያት ያሰበውንና ለፈውሱ ያደረገውን መመርመር፣ የአስተሳሰቡን ጉዞ መመርመር ነው።

በአገራችን ገጠር ጥርስ ሲያም በመጀመሪያ የሚከሰሰው ትል ነው። ይህ እምነት የእኛ ብቻ አልነበረም። በባቢሎን የሸክላ ጽላት ላይ የተገኘ አንድ ጥንታዊ ድግምት፣ ትል በአማልክት ፊት እያለቀሰ በጥርስና በድድ መካከል መኖሪያ እንዲሰጠው መለመኑን ይተርካል። ከዚያ ዘመን ጀምሮ እስያም አውሮፓም በዚህ ትል አምነው ኖረዋል። ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ የትሉን መኖር ተቃወመ። እ.ኤ.አ. በ1890 ደግሞ በበርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ዊሎቢ ሚለር፣ በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ከምግብ ቅሪት አሲድ እንደሚያመነጩና ጥርስን የሚያነቅዘው ይኸው አሲድ መሆኑን አስረዳ።

ታዲያ የሌለ ትል ይህን ያህል ዘመን እንዴት ሊታመን ቻለ? መልሱ ከሕክምናው ውስጥ ይገኛል። በአገራችን የአስተናግር ወይም የዕፀ ፋርስ ፍሬ በፍም ላይ ተደርጎ ሕመምተኛው ጢሱን በአፉ እንዲቀበል ይደረጋል። አውሮፓውያንም የዚሁ ቤተሰብ በሆነ ሌላ ተክል እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ፍሬው በእሳቱ ግለት ሲፈነዳ በውስጡ ያለው ነጭ ቡቃያ ተጠቅልሎ ይወድቃል። ቅርጹ ትል ይመስላል። ሕመምተኛውም ጎረቤቱም ትሉ ከጥርስ ሲወድቅ «በዓይናቸው አዩ»። እንዲህ ሆኖ መድኃኒቱ ለተሳሳተው ምክንያት ምስክር ሆኖ ቆመለት።

የጢሱ ኃይል ግን ሐሰት አይደለም። ተክሉ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ ብርቱ ንጥረ ነገሮች አሉት። ስሙ ራሱ አስተናግር መባሉ፣ መጠኑ ያለፈበትን ሰው አእምሮ አዛብቶ የሚያስለፈልፍ መሆኑን ሕዝቡ ጠንቅቆ እንዳወቀ ያመለክታል። የሚያደነዝዘው ተክል የሚገድልም ነው። ከዚህም ሌላ የዕፅዋት ሊቃውንት የተክሉ መገኛ የአሜሪካ ምድር መሆኑን ይናገራሉ። እንግዲያስ የአበው መድኃኒት ከምንለው ውስጥ ከባሕር ማዶ መጥቶ የተለመደ አለ ማለት ነው። ባህል ቆሞ የሚጠብቅ ሐውልት አይደለም፤ ይቀበላል፣ ይመርጣል፣ ይለውጣል።

ቅርንፉድም እንዲሁ ነው። ከሩቅ ምሥራቅ ደሴቶች ተነሥቶ በነጋዴ እጅ ወደ ደጋው አገር ገባ። ሞጣ ደግሞ ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኝ ከነበረው የዓባይ ሰባራ ድልድይ አጠገብ እንደ መሆኗ የነጋዴ መተላለፊያ ነበረች። የታመመ ጥርስ ላይ ቅርንፉድ የነከሰ ሰው ለጥቂት ጊዜ እፎይ ይላል፤ በውስጡ ያለው ዩጂኖል የተባለ ዘይት በዘመናዊ የጥርስ ሕክምናም ያገለግላልና። የወይራ መፋቂያም ጥርስን በማጽዳት ያለው ጥቅም የሚናቅ አይደለም። ቢቸና አጠገብ ያለችውን ዲማ ጊዮርጊስን የመሳሰሉ የቅኔና የመጻሕፍት ማእከሎች ባፈሯት አገራችን፣ ደብተራው በመድኃኒት መጽሐፉ የቅጠሉንና የሥሩን ዕውቀት ከአስማቱ ጋር አጣምሮ ጽፎ አቆይቶናል። የዛሬው ትውልድ ፈንታ ፍሬውን ከገለባው መለየት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ምክንያቱ የማይታይ ሕመም ነው። ጥርሱ አልነቀዘም፣ ድዱም አላበጠም፤ ሕመሙ ግን እንቅልፍ ይነሣል። በሙያው ጥርሱን የነቀለ ወጌሻ ሳይቀር እዚህ ላይ ይሳሳታል። በጉጠት አንዱን ይነቅላል፤ ሕመሙ አይለቅም። ሁለተኛውን ይነቅላል፤ አሁንም አይለቅም። ይህም ስሕተት የጎጃም ወጌሻ ብቻ አይደለም። ብሪታንያዊው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ጆን ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1778፣ ጥርስ በከንቱ የሚጠረጠርበት የመንጋጋ ሕመም እንዳለና ጥርስን መንቀል እንደማያድነው ጽፎ ነበር። የአገሩ ሰው ጆን ፎዘርጊል ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ የዚህን የፊት ሕመም ጠባይ ገልጾ ነበር።

ለጎጃም የቅኔ ተማሪ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ጥርሱ ሰም ነው፣ ወርቁ ያለው ነርቩ ላይ ነው። ፊትን የሚያዳርስ፣ ሦስት ቅርንጫፍ ያለው ነርቭ ሲታወክ፣ ነፋስ ሲነካው ወይም ሲያኝኩ እንደ መብረቅ የሚወጋ፣ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ፣ ተመልሶም የሚመጣ ሕመም ይፈጥራል። ለዚህ ካርባማዜፒን የተባለው መድኃኒት መጥቀሙ እ.ኤ.አ. በ1962 ተገልጿል። ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። ከጉንጭ አጥንት ውስጥ ያለው የአየር ክፍተት ሲቆጣ የላይ ጥርሶችን ያሳምማል። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ፣ በእንቅልፍ ጥርስ ማፋጨትም ሕመም ያመጣል። ሲሠሩ ወይም አቀበት ሲወጡ መንጋጋን የሚይዝ፣ ሲያርፉ የሚተው ሕመም ግን ከልብ ሊሆን ስለሚችል ለነገ የሚባል አይደለም።

ያልበደለ ጥርስ መቀጣቱ እጅግ የሚያሳዝነው በሕፃን ላይ ሲደርስ ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠው፣ ሲያስመልሰውና ሲያተኩሰው «ግግ ወጣበት» ተብሎ፣ ከድዱ ሥር ያለው ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ባልጸዳ ስለት ተፈልፍሎ ይወጣል። ያ ነጭ እብጠት ግን በሽታ አይደለም፤ ጊዜውን የሚጠብቅ ጤነኛ ጥርስ ነው። ሕፃኑን የሚገድለው ከሰውነቱ የሚያልቀው ውኃ ሆኖ ሳለ፣ በላዩ የደም መፍሰስ፣ መመርቀዝና መንጋጋ ቆልፍ ይጨመርበታል። እናት ልጇን ለማዳን ብላ ታሲዛለች፤ ባለ ስለቱም ለመርዳት ብሎ ይቆርጣል። በመካከላቸው ጠላት የለም፤ ያለው የተሳሳተ ምክንያት ብቻ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ላይ ቅጣት ደንግጓል፤ ይሁን እንጂ ሕግ እጅን ይይዛል እንጂ ምክንያትን አያስረዳም።

ምክንያትን ማስረዳት የመምህሩ፣ የጤና ሠራተኛው፣ የካድሬውና የኪነ ጥበብ ሰው ፈንታ ነው። የአስተናግርን ጢስ ለዘመናት ያሳመነው ክርክር ሳይሆን በዓይን የታየ ትርኢት ነበር። ትርኢቱን የሚያፈርሰውም ሌላ ትርኢት ነው። መምህሩ ፍሬውን በተማሪዎቹ ፊት፣ ጢሱ በማይደርስባቸው ሜዳ፣ የማንም ጥርስ በሌለበት በፍም ላይ ይጣለው። «ትሉ» ያን ጊዜም ይወድቃል። ይህን ያየ ልጅ ማታ ለእናቱ ይነግራታል፤ እናቱም የታናሹን ድድ ከማስነካቷ በፊት ሕፃኑን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያው መንገድ ትጀምር ይሆናል።