በአየር ካርታ ላይ መታየት

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ የሰነድ አልባ ይዞታ ጉዳይ ሲነሳ ቀድመው ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዱ «ቤቱ በአየር ካርታ ላይ ይታያል ወይ?» የሚለው ነው። አዲስ አበባ እንዲህ ያሉ ይዞታዎችን ሥርዓት ለማስያዝ ባወጣቻቸው መመሪያዎች 1988 እና 1997 ዓ.ም. መለያ ዓመታት ሆነው ቆይተዋል፤ ከ1997 ወዲህ የተሠራ ጨረቃ ቤት ዕጣው ሌላ ነው። ጥያቄው አዎ ወይም አይደለም ብቻ የሚመለስ ይመስላል። የካርታ ካሜራ ታሪክ የሚመሰክረው ግን መታየት ደረጃ እንዳለውና ደረጃውም እንደሚለካ ነው። ልኬቱን ትቶ ፎቶውን ብቻ ማስረጃ ማድረግ ማስረጃውን በግማሽ ማንበብ ነው።

የአየር ፎቶ በሰፊው ወደ አገራችን የገባው ከወረራ ጋር ነው። ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ የጣሊያን ጦር የጂኦግራፊ ተቋም ያነሳቸው ፎቶዎች ከ8,000 በላይ ሰሌዳዎች ላይ ተለጥፈው አዲስ አበባ ቀሩ፤ ዛሬ ተመራማሪዎች የመሬቱን ለውጥ ያጠኑባቸዋል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ተልዕኮ በ1፡50,000 ገደማ መጠን አገሪቱን ማንሳት ያዘ። በዚህ መጠን በአንድ ሚሊሜትር ፊልም ላይ 40 ጥንድ መስመር የሚለይ ሌንስ ብንወስድ፣ መሬት ላይ የሚለየው 1.25 ሜትር ነው፤ ጭቃ ቤት ይታያል፣ የእንጨት አጥር ግን ይጠፋል። ጥራት ብቻውንም አይበቃም። የቀድሞው ሜትሮጎን ሌንስ ነጥቦችን እስከ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ያዛንፍ ነበር፤ በዚህ መጠን 5 ሜትር መሆኑ ነው። የሌንስ ነዳፊው ሉድቪግ በርቴሌ ለቪልድ ኩባንያ የሠራው አቪዮጎን ሌንስ መዛነፉን ወደ አንድ መቶኛ ሚሊሜትር ግድም አወረደው። ለቀያሽ ከጥርት ፎቶ ይልቅ ነጥቡን ቦታው ላይ የሚያሳርፍ ሌንስ ይበልጥበታል።

እንደ 40 ያለው ቁጥር ራሱ እንዴት እንደሚገኝ መጠየቅም ተገቢ ነው። ሌንስ የሚፈተነው ሦስት ሦስት መስመሮች በተሣሉበት ሰሌዳ ነው። መስመሩ ጥቁር፣ መደቡ ነጭ ሲሆን ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ግራጫ በግራጫ ላይ ሲሆን ይወርዳል። አምራቾች የትኛውን ማስተዋወቅ እንደሚወዱ መገመት አይከብድም። ኮልፌ ውስጥ ሁለቱም ሰሌዳ አለ፦ በቀይ አፈር ላይ የሚያብረቀርቅ አዲስ ቆርቆሮ ከሩቅ ይጮኻል፤ ከባሕር ዛፍ ሥር ያለ የዛገ ጣሪያ ግን ከአካባቢው አይለይም። የድሃውና የቆየው ቤት ነው የሚደበቀው። በዚያ ላይ ሌንስ መሃሉ ላይ ጥርት ብሎ ወደ ጥጉ ይደክማል፣ ብርሃኑም ይቀንሳል፤ ለዚህ ነው ባለሙያዎች ለመላው ፎቶ በስፋት የተመዘነ አማካይ የሚያወጡት።

የከተማ ፎቶ ከዝቅታ ስለሚነሳ ይህ ሁሉ አያስጨንቅም የሚል ይኖራል። በ1፡10,000 ያው ሌንስ 25 ሳንቲሜትር ይለያል፤ ስለዚህ በግልጽ ሜዳ ላይ የቆመ ቤት አያመልጥም። ዛፉ ግን አሁንም ይሸፍናል፣ ጣሪያውም ይጋደማል። የትኩረት ርቀቱ 152 ሚሊሜትር በሆነ ካሜራ፣ ከፎቶው መሃል 10 ሳንቲሜትር ርቆ የሚገኝ የ3 ሜትር ጣሪያ ወደ ውጭ 2 ሜትር ያህል ተገፍቶ ይታያል። እንከን የሌለው ሌንስም ይህን አያስቀርም። የጎረቤት ድንበር ክርክር ደግሞ ከዚያ ባነሰ ስፋት ይነሳል።

ከዚህ የሚጠነክረው ተቃውሞ፣ ምስክር ይገዛል፣ ፎቶ ግን አይገዛም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ፎቶው ይጣል የሚል ክርክርም የለኝም። ነገር ግን የካርታ በረራ ተከታታይ ፎቶዎችን 60 በመቶ ያህል እያደራረበ ስለሚያነሳ አንድ ቤት ቢያንስ በሁለት ፎቶ ላይ ይወጣል፤ በአንዱ ጥግ ላይ ወይም ከዛፍ ጀርባ የጠፋው በሌላው ሊገኝ ይችላል። «አይታይም» ተብሎ ከመወሰኑ በፊት ሁለተኛው ፎቶ፣ የተነሳበት ቀን፣ መጠኑና የሌንሱ የምርመራ ወረቀት ከፋይሉ ጋር መያያዝ አለባቸው።