ኦቲዝም ያለበት ሰው የማሰብ ችሎታ በምን ሚዛን ተለካ?

በኢሉባቦር ምድር፣ ከመቱ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ የሶር ወንዝ በጫካ መካከል አልፎ ወደ ገባ፣ በገባም በኩል ወደ ባሮ ይወርዳል። በዚህ ወንዝ ላይ 5 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1990 ሥራ ጀመረ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማመንጫው በተሠራበት ዘመን ከአገሪቱ ዋና የኃይል መረብ ጋር የተያያዘ አልነበረም፤ በሙያው አጠራር «ራሱን የቻለ ሥርዓት» ከሚባለው ወገን ነበር። በመሆኑም መቱና አካባቢዋ በሶር ኃይል ሲበሩ፣ የዋናው መረብ ቆጣሪ ከሶር የመጣ አንዲት ዋት እንኳ ሊያነብ አይችልም ነበር። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «ሶር ኃይል የለውም» ብሎ የሚደመድም መሐንዲስ አይገኝም። ጉድለቱ የመስመሩ እንጂ የውኃው እንዳልሆነ ግልጽ ነውና።

ይህ ለመሐንዲስ የሙያው ሀሁ የሆነ ነገር፣ ሰው ሰውን በሚለካበት ጊዜ ለረዥም ዘመን ተዘንግቶ ኖሯል። ከዚህ መዘንጋት ብርቱ ጉዳት ከደረሰባቸው ሰዎች መካከል ኦቲዝም ያለባቸው ይገኙበታል። ኦቲዝም ከሕፃንነት ጀምሮ የሚታይ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ሲሆን፣ በንግግርና ከሰው ጋር በመግባባት፣ አንድን ነገር ደጋግሞ በመሥራትና በጠባብ ነገር ላይ አጥብቆ በማተኮር ይታወቃል። ቃሉ «ራስ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ከስሙ ጀምሮ እንግዲህ፣ ነገሩ የተሰየመው ውጭ ቆሞ በሚመለከተው ሰው ዓይን ነው።

በአማርኛ ተናጋሪው ኅብረተሰብ ልማድ ዕውቀት በአብዛኛው የሚታየው በአንደበት ነው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ምሳሌ ይህንኑ ያስረዳል። በጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት ተሟጋቹ የሚመዘነው በያዘው እውነት ብቻ አልነበረም፤ በአነጋገሩ ለዛ፣ በአቋቋሙና በአመለካከቱም ጭምር ነበር። ከዚሁ ጋር «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይናገራል ወይም ከናካቴው አይናገርም፤ የሰው ዓይን ትኩር ብሎ ማየት ይከብደዋል፤ የያዘውንም ነገር በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ በእነዚህ ሚዛኖች የተመዘነ እንደሆነ ገና ሳይጠየቅ ተፈርዶበታል ማለት ነው። በአንጻሩ የቤተ ክህነት ትምህርት በቃል የመያዝን ችሎታ እጅግ ያከብር ነበር። ዳዊትን በቃሉ የሚወጣ ልጅ፣ ከሰው ጋር ጨዋታ ባያውቅም፣ በዚያ ጉባኤ ዘንድ ሞኝ አይባልም። አንዱ ልጅ በአደባባዩ ሚዛን ቀሎ፣ በጉባኤው ሚዛን ሊከብድ ይችል ነበር።

በምዕራቡ ዓለም ኦቲዝምን እንደ አንድ ራሱን የቻለ ሁኔታ በሰፊው ያስተዋወቁት በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ሊዮ ካነር ናቸው። ካነር በ1943 ባወጡት ጽሑፍ ስለ 11 ሕፃናት ገለጡ፤ 8ቱ ወንዶች፣ 3ቱ ሴቶች ነበሩ። አብዛኞቹ ከዚያ አስቀድሞ በአንዱ ወይም በሌላው ጊዜ አእምሮ ደካማ ተብለው ተፈርዶባቸው ነበር። ካነር ግን ሕፃናቱ ጥሩ የማሰብ ችሎታ እንዳላቸው ጻፉ። ማስረጃቸው ምን ነበር? የቢኔ ፈተና አልነበረም፤ ሕፃናቱ ለፈታኙ ስለማይመልሱ ያንን ፈተና ማካሄድ አልተቻለም። በዚያ ምትክ የሴጓን ሰሌዳ የሚባለው ቀርቦላቸው ነበር። ይህ ሰሌዳ ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸው ጉድጓዶች የተፈለፈሉበት እንጨት ሲሆን፣ ልጁ ክቡን በክቡ፣ ኮከቡን በኮከቡ ቦታ ይሰካል። ሕፃናቱ ይህን አሳምረው ሠሩት። ካነር ከዚህ ሌላ የማስታወስ ኃይላቸውንና የፊታቸውን ብሩህነት በማስረጃነት ጠቅሰዋል። ፊትን አይቶ ችሎታን መገመት ግን ሳይንስ ሊባል አይገባውም። ስለዚህ በዚያው በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ ትክክለኛ ትምህርትና አሳሳች ልማድ ጎን ለጎን ይገኛሉ።

በካነር ጽሑፍ የመጀመሪያው ልጅ በሚሲሲፒ ግዛት በምትገኝ ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ በ1933 የተወለዱት ዶናልድ ትሪፕሌት ነበሩ። በሦስት ዓመታቸው ገደማ ከቤት ርቆ ወደሚገኝ ተቋም ተላኩ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ወላጆቻቸው መልሰው ወሰዷቸው። በ1958 ከኮሌጅ ተመርቀው በትውልድ ከተማቸው ባንክ ተቀጠሩ፤ ጎልፍ ተጫወቱ፤ ብዙ አገር ዞሩ፤ በ2023 አረፉ። ስለ እርሳቸው ሲነገር የኖረ አንድ ታሪክ አለ። በወጣትነታቸው የትምህርት ቤቱን ግንብ አንድ ጊዜ ተመልክተው የጡቡን ብዛት ተናገሩ ይባላል፤ የከተማው ሰው በዚህ ሲደነቅ ኖረ። በስተርጅና ስለ ነገሩ ሲጠየቁ ግን ቁጥሩን የፈጠሩት እርሳቸው መሆናቸውን፣ ይህንንም ያደረጉት ልጆቹ እንዲያከብሯቸው ፈልገው መሆኑን ገለጡ። ከተማው ያደነቀው የመቁጠር ተአምር አልነበረም። የነበረው ሌሎች ስለ እርሱ የሚያስቡትን አውቆ፣ ለእነርሱ የሚስማማውን የሚመርጥ አእምሮ ነበር። ኦቲዝም ያለበት ሰው የለውም ሲባል የኖረውም ይኸው ችሎታ ነው።

የሚዛን ስሕተት ከስም ማጥፋት አልፎ ሕይወት እስከ ማጥፋት የደረሰበት ዘመንም ነበር። በቪየና ሐንስ አስፐርገር በ1944 በጻፉት ጥናት በንግግር የበለጸጉ፣ በአንድ ነገር ላይ እንደ ሊቅ የሚያተኩሩ ልጆችን ገልጠው ነበርና፣ ለረዥም ዘመን የእነዚህ ልጆች ጠበቃ ሆነው ሲመሰገኑ ኖሩ። የታሪክ ተመራማሪው ሄርቪግ ቼክ በ2018 ባወጣው ጥናት ግን አስፐርገር ሌሎች ብርቱ ጉዳት ያለባቸውን ልጆች አም ሽፒገልግሩንድ ወደሚባለው ተቋም ይልኩ እንደነበር ከሰነድ አሳየ። በናዚ አገዛዝ ዘመን በዚያ ተቋም 789 ሕፃናት ሞተዋል። ሊማር ይችላል የተባለው ልጅ ሲተርፍ፣ አይችልም የተባለው አልተረፈም። በዚያ ቦታ የማሰብ ችሎታ ግምት የሞትና የሕይወት ፍርድ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት አስተያየቱ በሌላ መልክ ቀጠለ። ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ስለ ኦቲዝም ያወጣውን መጽሐፍ «ባዶው ምሽግ» አለው፤ ጥፋቱንም በእናቶች ላይ ጣለ። በርናርድ ሪምላንድ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1964 ነገሩ ከአእምሮ አፈጣጠር እንጂ ከእናት ፍቅር ማነስ የሚመጣ እንዳልሆነ ጽፎ ነበር፤ በመጨረሻም ሳይንሱ የተቀበለው ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ በፈተና ረገድ አብዛኞቹ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ዝቅተኛ የማሰብ ችሎታ ያላቸው ናቸው የሚለው ሐሳብ በመማሪያ መጻሕፍት ጸንቶ ቆየ።

ይህ ድምዳሜ በብዛት የተመሠረተው ዌክስለር በ1949 ለልጆች ባዘጋጀው ዓይነት መለኪያ ላይ ነው። በዚህ ፈተና ፈታኙ ፊት ለፊት ተቀምጦ በቃል ይጠይቃል፤ ልጁ ጥያቄውን ሰምቶ፣ የፈታኙን ፍላጎት ተረድቶ፣ ከፊሉን በቃል ይመልሳል። ከዚህ የተለየ ደግሞ ጆን ሬቨን በ1938 ያወጡት ፈተና አለ። በእርሱ ልጁ የሚያየው አንድ ክፍሉ የጎደለ የሥዕል ጥልፍ ነው፤ ሕጉን ደርሶበት ከቀረቡት አማራጮች የጎደለውን ይመርጣል። ንግግር እምብዛም አያስፈልገውም። ማሰብን ግን አጥብቆ ይጠይቃል።

በካናዳ ሚሼል ዶውሰን፣ ሎረን ሞትሮንና ባልደረቦቻቸው በ2007 ባወጡት ጥናት 38 ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች በሁለቱም ፈተናዎች ለኩ። ከተመራማሪዎቹ አንዷ የሆኑት ዶውሰን ራሳቸው ኦቲዝም ያለባቸው ናቸው። ልጆቹ ከመቶ እኩዮቻቸው መካከል የሚይዙት ደረጃ በሬቨን ፈተና በአማካይ በ30 ከፍ ብሎ ተገኘ። ኦቲዝም በሌለባቸው ልጆች ላይ ግን ሁለቱ ፈተናዎች ተቀራራቢ ውጤት ሰጡ። ከዚያ በኋላ የወጡ ጥናቶች ልዩነቱ በሁሉም ሰው ላይ በዚህ መጠን እንደማይታይ አሳይተዋል። ቢሆንም መሠረታዊው ነጥብ አልፈረሰም፤ በንግግር በኩል የሚለካ መሣሪያ ንግግርን ከማሰብ ለይቶ ሊያነብ አይችልም።

እዚህ ላይ ተቃራኒውንም ስሕተት ማንሣት ይገባል። በ1988 የወጣው «ሬይን ማን» የተባለው ፊልም ኦቲዝም ያለበት ሰው ሁሉ የሒሳብ ተአምር ነው የሚል ስሜት በዓለም ዙሪያ አሠራጨ። ለፊልሙ መነሻ የሆኑት ኪም ፒክ የተባሉት ባለ ብርቱ ትዝታ ሰው ኦቲዝም ያለባቸው እንዳልነበሩ ይነገራል። በአሜሪካ በ2020 ስምንት ዓመት የሞላቸው፣ ኦቲዝም ያለባቸውና የፈተና ውጤት ያላቸው ልጆች ሲጠኑ 38 ከመቶ ያህሉ የአእምሮ ዕድገት ውስንነትም እንዳለባቸው ተመዝግቧል። ስለዚህ በዝምታው ውስጥ ሁልጊዜ የተሰወረ ሊቅ አለ ማለት፣ በዝምታው ውስጥ ማንም የለም ከማለት የሚሻል ግምት አይደለም። ሁለቱም ልጁን ሳያዩ የሚሰጡ ፍርዶች ናቸው። የሰው ክብርም በፈተና ውጤት የሚወጣና የሚወርድ አይደለም።

የእንግሊዙ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅና ራሳቸው ኦቲዝም ያለባቸው ዴሚየን ሚልተን በ2012 አንድ ጠቃሚ ሐሳብ አቀረቡ። ኦቲዝም ያለበት ሰው ሌላውን ለመረዳት የሚቸገረውን ያህል ሌላውም እርሱን ለመረዳት ይቸገራል፤ ችግሩ የሁለቱ ነው፤ ሸክሙ ግን በአንዱ ላይ ብቻ ተጭኖ ኖረ። በመሐንዲስ ቋንቋ፣ ሁለት የተለያየ ቮልቴጅ ያላቸው መረቦች ሲገናኙ ትራንስፎርመር የሚያስፈልገው ለአንደኛው ጉድለት ሳይሆን ለመገናኛው ነው እንደ ማለት ነው።

በአገራችን ለዚህ መገናኛ ፈር ከቀደዱት መካከል ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ግንባር ቀደም ናቸው። ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት በመሆኑ ችግሩን ከቤታቸው ያውቁት ነበር። በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፈቱ። ከፊደላችን ድምፆች በመነሣት «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። ሰው የማይናገረውን ልጅ ወደ ፊደሉ ከመጎተት ይልቅ፣ ፊደሉን ወደ ልጁ የማቅረብ ሙከራ ነበር። ወይዘሮ ዘሚ በ2021 ቢያርፉም የጀመሩት ሥራ ስማቸውን ያስጠራል። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም ከእርሳቸው በኋላ በዚሁ መንገድ የተነሣ ተቋም ነው።

በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ የዕድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። አንዳንዱ ምክንያቱን በወሊድ ጊዜ ከደረሰ ጉዳት፣ አንዳንዱ ከመንፈስ ወይም ከእርግማን ጋር ያያይዘው ነበር፤ ብዙዎቹም ኀፍረት እንደሚሰማቸው ተናገሩ። ልጅን ከሰው ዓይን መሸሸግ ከዚህ ይመጣል። የተሸሸገ ልጅ ደግሞ አይማርም፤ ስላልተማረም የማይችል መስሎ ይታያል፤ ግምቱ ራሱን በራሱ ያረጋግጣል።

ይህ የተባለው ልዩ ክሊኒክ በሚገኝበት ዋና ከተማ ነው። ከመቱ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመቱ፣ በጎሬ ወይም በበደሌ የሚኖር ወላጅ ልጁን ለማስመርመር ይህን መንገድ ሲሄድ፣ የቡናውን ለቀማ ትቶ፣ የመሳፈሪያና የማደሪያ ገንዘብ ቋጥሮ ነው። ሲደርስም ሌላ እንቅፋት ይጠብቀዋል። በአፋን ኦሮሞ ያደገ ልጅ በአማርኛ፣ ወይም ከእንግሊዝኛ በተተረጎመ ጥያቄ ቢፈተን፣ በኦቲዝሙ ላይ የቋንቋ ግድግዳ ይጨመርበታል። ሬቨንን የመሰለ ባለሥዕል ፈተና እንኳ የታተመ ሥዕል አይቶ ለማያውቅ የገጠር ልጅ ፍጹም ሚዛን አይሆንም። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በሕፃናት ዕድገት ላይ የተጀመረው ሥልጠና ተስፋ የሚሰጠውም ስለዚህ ነው፤ ልጁን በደጁ፣ በቋንቋው፣ በሚያውቀው ነገር መካከል የሚያየው ሰው እርሱ ነውና።

የዚህ ማኅበር አባላት ሐኪሞች አይደሉም፤ ስለ መለኪያ ግን ከማንም ያነሰ አያውቁም። መሣሪያ ከማንበቡ በፊት መስተካከሉ ይመረመራል፤ የሚለካውም ነገር ለመለካት የታሰበው ራሱ መሆኑ ይረጋገጣል። ሠራተኛ ሲቀጠር ቃለ መጠይቅ ብቻ ሳይሆን የሥራ ናሙና ቢሠጥ፣ ተለማማጅ ሲፈተን በእጁ የሠራው ከአፉ ቃል እኩል ቢታይ፣ ይኸው ሕግ በሰው ላይ ተሠራበት ማለት ነው። ካነር በ1943 የተጠቀሙበት ሰሌዳ ደግሞ ውድ ዕቃ አይደለም። በመቱ ያለ አንድ አናጢ ከአካባቢው እንጨት በአንድ ቀን ፈልፍሎ፣ አለስልሶ ሊያወጣው ይችላል። በዚህ ሰሌዳ የልጁ ችሎታ ሁሉ አይለካም፤ ኦቲዝም መኖር አለመኖሩም አይታወቅም። ይሁን እንጂ በአንድ ትምህርት ቤት ጥግ ቢቀመጥ፣ አንድም ቃል ያልተናገረ ልጅ ኮከቡን በኮከቡ ቦታ ሲሰካ መምህሩ ያያል፤ ከዚያም በኋላ ያንን ልጅ የሚጠይቅበት መንገድ ይለወጣል።