ማንን ፈትነን ለማን ውጤት ሰጠን?

አንድ ሰው ስልክ ቁጥሩን ሲነግረን ሞባይላችን ከኪሳችን እስኪወጣ ድረስ ግማሹ ይጠፋናል። ያኔ «የድሮ ሰው ጭንቅላት!» እንላለን። ክርክሩም ይቀጥላል፤ ቶሎ የሚይዘው ልጅ ነው ወይስ አዋቂ? ወንድ ነው ወይስ ሴት? እስቲ ጨዋታውን ወደ ደብረ ወርቅ እንውሰደው።

ደብረ ወርቅ በምሥራቅ ጎጃም ያለች የጥንት የቤተ ክህነት ትምህርት ቦታ ናት። በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከደብረ ኤልያስና ከዲማ ጊዮርጊስ ሌላ በዚህችም ተምረዋል። የጎጃም ቅኔ ቤት ደግሞ ለአጭር ጊዜ ትውስታ ቀላል ፈተና አይደለም። የኔታ አዲስ ቅኔ ሲዘርፉ ተማሪው ሰምቶ ይይዛል። ቀን ከሰው ተለይቶ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያ በቃሉ ይዞ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። ጀማሪው 2 ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ይጀምርና ወደ ዘአምላኪየ 3 ቤት ያልፋል፤ እያለ እያለ 8 ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ሸክሙ የሚጨመረው በጥቂት በጥቂቱ ነው።

ፈረንጆቹ ይህን ችሎታ በቁጥር መለካት የጀመሩት ዘግይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ጆሴፍ ጃኮብስ ለንደን ውስጥ ለተማሪዎች ቁጥር እያነበበ እንዲደግሙለት አደረገ። የ8 ዓመቶቹ በአማካይ ከ6 በጥቂቱ የሚበልጥ፣ የ19 ዓመቶቹ ከ8 የሚበልጥ አሃዝ ያዙ። የኋላ ጥናቶችም ችሎታው እስከ ወጣትነት እንደሚያድግና ከዚያ በኋላ ከዕድሜ ጋር ቀስ እያለ እንደሚቀንስ ያሳያሉ።

ታዲያ ያረጁት የኔታ የዚያን ሁሉ ተማሪ ቅኔ እየሰሙ ስሕተቱን እንዴት ይለቅማሉ? ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 እንደጻፈው ሰው በአንድ ጊዜ የሚይዘው 7 ያህል ቁራጭ ነው፤ የቁራጩ መጠን ግን በዕውቀት ይሰፋል። ጀማሪው አንድ ቃል በሚይዝበት ቦታ የኔታ አንድ ሙሉ ቤት ይይዛሉ። ዕድሜ የወሰደውን ትምህርት ይተካል ማለት ነው።

ወደ ጾታው እንምጣ። ሰምቶ ቁጥር በመድገም በወንድና በሴት መካከል ያለው ልዩነት ከኢምንት አይበልጥም። ቃላትን በማስታወስ ሴቶች፣ በአቅጣጫና በቦታ ነገር ወንዶች ጥቂት ይቀድማሉ። አንድ ወንድ ከሌላው ወንድ፣ አንዲት ሴት ከሌላዋ ሴት የሚለዩበት ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

ልብ በሉ፤ ጃኮብስ የፈተናቸው የሴቶች ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ነበር። በዚያው ዘመን የእኛ የቅኔ ቤት የወንዶች ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። «ቅኔ ለሴት አይሆንም» የሚለው ወሬ እንግዲህ ከየት መጣ? ወንዶቹን ብቻ ፈትነን ለሴቶቹ ውጤት ሰጠናቸው!

ወሬውን ለማፍረስ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ይበቃሉ። የጎጃሟ እማሆይ በልጅነታቸው ዓይናቸውን አጡ። ለማንበብ ባይታደሉም ከአባታቸው ቅኔ በጆሯቸው ተማሩ፤ ከዚያም ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን አስተማሩ። በር የተከፈተላት አንዲት ሴት ይህን ከሠራች፣ ያልተከፈተላቸው ስንት ነበሩ?

የነዚያ ሴቶች ትውስታ ግን ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። ለቅሶ ቤት እንሂድ። አልቃሿ የሟችን ዘር፣ ሙያና የቤተሰብ ሐዘን ሰብስባ እዚያው በቆመችበት ግጥም ታወርዳለች። እሷም እንደ ቅኔ ተማሪው ቃሉን በአእምሮዋ ይዛ ቤት መምታት አለባት። ልዩነቱ ወንዱ «ባለ ቅኔ» ሲባል እሷ «አልቃሽ» መባሏ ነው። የሱ ቅኔ በመጽሐፍ ተሰብስቦ ይታተማል፤ የሷ ግጥም ከድንኳኑ ጋር ይነሣል።

ስለዚህ «ማን ይበልጥ ያስታውሳል?» ከማለታችን በፊት «ማን እንዲያስታውስ ተጠየቀ?» እንበል። ቁጥር መያዝ ያቃተን እኛ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ በእጃችን አለ። በሚቀጥለው በዓል አገር ቤት ስንወርድ ከአያቶቻችን አጠገብ እንቀመጥና የሚያስታውሱትን እንቅዳ። እነሱ በቃላቸው የያዙትን ሌላ የጻፈው የለምና።